ለእንዝርት እንዲበጠር ሰጥቼ ስለተበላሸብኝ የበግ ጠጉር

ቀን፦ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱፍ ማጠቢያና ማበጠሪያ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት ገንዘብና የጠጉሩ ዋጋ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። ኅዳር 9 ቀን ሦስት ጆንያ የበግ ጠጉር፣ በድምሩ 21 ኪሎ፣ ከደሴ ሐረጎን ወርጄ አምጥቼ አስረክቤያችሁ ነበር። ታጥቦ ለእንዝርት እንዲበጠር በኪሎ 70 ብር ተስማምተን 1,470 ብር በቅድሚያ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ በእጄ ነው። ኅዳር 24 ቀን የተረከብኩት ግን የማይፈተል ጠጉር ነው።

ጠጉሩን የገዛሁት ከለጋምቦና ከኩታበር ደጋ ነው፣ በጎቹ ሲሸለቱ እዚያው ቆሜ። ፍግ የተጣበቀበትን የጅራት ሥርና የሆድ ጠጉር እዚያው አስቀረሁ። ቤት ከገባ በኋላ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ዘርግተን አራት ቀን ሙሉ ጨጎጎቱን በጣታችን ስንለቅም ከረምን። መቀስ ሁለት ጊዜ ያለፈበትን አጭር ብጥስጣሽ አራገፍን፤ እሱ ካልወጣ ክሩ ላይ እብጠት እየሆነ ይቀራል። ነጩን፣ ጥቁሩንና ዳማውን ለየብቻ አሰርን። እኛ የምናሠራው ምንጣፍ ቀለም አይነከርም፤ መልኩ የበጎቹ የራሳቸው ነው። ይህንንም ነግሬያችሁ «አይቀላቀልም» ብላችሁ በየጆንያው ላይ ጽፋችኋል።

የመለሳችሁልኝ 14 ኪሎ ነው። በክብደቱ አልከራከርም፤ አፈሩ፣ ላቡና ቅባቱ ሲወጣ ጠጉር መቅለሉ ያለ ነው። ነገር ግን ጥቁሩ ውስጥ ነጭ ገብቶበታል። አንዱን አመልማሎ፣ ማለትም ለመፈተል የተዘጋጀውን ብጥር ጠጉር፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ሳየው፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክል ጥቅልል ከዳር እስከ ዳር ሞልቶበታል። በመሐሉ የጥጥ ብናኝ፣ አልፎ አልፎም የጥጥ ፍሬ ስባሪ አገኘሁ። እንዝርት ላይ አስሬ ስፈትለው ሁለት ስንዝር እንኳ ሳይሄድ ጥቅልሉ ላይ ቆመ፤ ሳብ ሳደርገው ተበጠሰና እንዝርቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዝርት ከእጇ ያልተለየ እናቴም ሞከረች፤ ከዚያ አመልማሎውን መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ተቆራርጧል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሳልሰጣችሁ የለካሁት ዘለላ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ አሁን ከአራት ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ፈልጌ አጣሁ።

ጥፋቱ የት እንደተፈጸመ አውቃለሁ። የመጀመሪያው እጥበቱ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ሥራው የት እንደደረሰ ልጠይቅ መጥቼ፣ ሠራተኛችሁ በፈላ ውኃ በርሜል ውስጥ ጠጉሩን በዱላ እንደ ገንፎ ሲያማስለው አየሁ። ከዚያ አውጥቶ በቀጥታ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር አደረገው። «ወንድሜ፣ አታማስለው» ብለው «እትዬ፣ ካልታሸ እኮ አይጸዳም» አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ያስተማረው ሰው የለም። ቅባቱን የሚያቀልጠው ሙቅ ውኃና ሳሙና ነው፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል፤ ጠጉሩ ተነክሮ ዝም ይባላል፣ የሚለቀለቀውም በዚያው ሙቀት ባለ ውኃ ነው። የበግ ጠጉር ላዩ ቅርፊት አለው። ሙቀቱና እሽታው ሲገናኙ፣ በዚያ ላይ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ሲመታው፣ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጠጉሩ ይጠጥራል። አንዴ ከጠጠረ ደግሞ የሚያላቅቀው ነገር የለም።

ሁለተኛው ማሽኑ ነው። በማሽኑ ለፍራሽ የሚሆን ጥጥ እንደምትሠሩበት ስረከብ ራሳችሁ ነግራችሁኛል። የጥጥ ጭረት ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጥርሱም ክፍተቱም ፍጥነቱም የተስተካከለው ለእሱ ነው። የጠጠረ ረጅም ጠጉር እዚያ ውስጥ ሲገባ አንዱ ጥርስ ይይዘዋል፣ ሌላው ይጎትተዋል፣ መሐሉ ላይ ይበጠሳል። የተበጠሰው እየተንከባለለ ያ የሰሊጥ ፍሬ ይሆናል። ማሽኑ ተጠርጎ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የጥጡ ብናኝ ባልኖረ ነበር።

ቅሬታዬን በቃል ባቀረብኩ ጊዜ የተሰጠኝ መልስ «ሱፍ ያው ሱፍ ነው፤ ካልሆነልሽ ለፍራሽ ሽጪው» የሚል ነው። ይህ ከጥፋቱ በላይ አሳዝኖኛል። እኔ ሦስት ሴቶች ሆነን የምንተዳደርበትን ሥራ ነው ይዤላችሁ የመጣሁት። ክራችንን የሚጠብቅ ሸማኔ አለ፣ ቀብድ የተቀበልንበት ምንጣፍ አለ። ጠጉሩ ከገበያ በማግሥቱ ተገዝቶ የሚተካ አይደለም፤ በጎቹ እስኪያበቅሉ ድረስ መጠበቅ አለብን።

ስለዚህ የከፈልኩት 1,470 ብርና የ21 ኪሎ ጠጉር መግዣ የሆነው 1,890 ብር፣ በድምሩ 3,360 ብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የአራት ቀን ልፋታችንን አላስገባሁም። ለሱፍ የሚሆን ማሽን እስክታቆሙ ድረስም ለእንዝርት የሚሆን ጠጉር እንዳትቀበሉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ባለፈው ስመጣ ከግድግዳው ሥር የሌሎች ሰዎች ጆንያ ተደርድሮ አይቻለሁ፤ ቢያንስ እነሱን ከማሽኑ በፊት ጠርታችሁ ንገሯቸው። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለከተማው ንግድ መምሪያ አቀርባለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ሦስት ፖስታ አያይዣለሁ። በአንደኛው ለናሙና ያስቀረሁት ያልታጠበ ዘለላ፣ በሁለተኛው የመለሳችሁልኝ አመልማሎ አለ። ሦስተኛው ውስጥ ያለው ከዚያው ካስቀረሁት ላይ ቤቴ በሳፋ ነክሬ፣ በጥላ አድርቄ፣ በጣት አፍታትቼ በሽቦ ጥርስ የእጅ ማበጠሪያ ያበጠርኩት ነው። ጫፉን ይዛችሁ በቀስታ ሳብ አድርጉት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ፖስታ ክፈቱና እሱንም እንዲሁ ሳቡት።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከደሴ
(ፊርማ)