ይድረስ ለማንቼ ደጋፊው አባቴ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

እሁድ ነሐሴ 11 (በፈረንጆች ኦገስት 17፣ 2025) ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ማንቸስተር ዩናይትድ (ማንቼ) እና አርሰናል በማንቼ ሜዳ በኦልድ ትራፎርድ ይገናኛሉ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ከጨዋታው በፊት በክርክር እንደሚሞላ፣ ሊቨርፑሉ ጎረቤታችንም እርስዎን እንደማይለቅዎት አውቃለሁ። እኔ መድፈኛ፣ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ከተቃራኒው ወገን ነኝ ማለት ነው። ይህን የምጽፍልዎት ግን ለማብሸቅ አይደለም። ለዚያ ክለብ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ደካማ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ክለቡ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ ይገባዋል።

በመጀመሪያ «20 ዋንጫ አለን» የሚለውን ይተዉት። ሊቨርፑል ባለፈው ሚያዝያ 20ኛውን የሊግ ዋንጫ ወስዶ እኩል ሆኗል። በአውሮፓ ዋንጫ ደግሞ 6 ለ3 ይመራል። በቁጥር ከገቡበት ጎረቤታችን ይረታዎታል።

«ሰር አሌክስ ስለሄዱ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በፈረንጆች 2013 ክረምት (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩልዎት በፈረንጆች ነው) የሄዱት አሰልጣኙ ብቻ አይደሉም፤ የተጫዋቾችን ዝውውር የሚጨርሰው ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴቪድ ጊልም አብሮ ለቀቀ። ቡድኑም አርጅቶ ነበር። በ89 ነጥብ፣ ማንቸስተር ሲቲን በ11 ነጥብ በልጦ ዋንጫ ባነሳበት በዚያ ዓመት ጊግስ 39፣ ስኮልስ 38፣ ፈርዲናንድ 34፣ ኤቭራ 32 ዓመታቸው ነበር። 26 ግብ ያገባው ቫን ፐርሲም 30 ሊሞላው ጥቂት ወር ቀርቶት ነበር። ዋንጫው እርጅናውን ሸፈነው። ተተኪው አሰልጣኝ ሞዬስ የተረከበው በአንድ ክረምት ግማሹ መታደስ ያለበት ቡድን ሲሆን፣ አዳሹ ደግሞ የባንክ ሰው የነበረው ኤድ ውድዋርድ ሆነ።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ፌላይኒ በኤቨርተን ውሉ ላይ የ23.5 ሚሊዮን ፓውንድ መልቀቂያ ነበረው፤ ጊዜው የሚያበቃው በሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር። ማንቼ ቀኑን አሳልፎ መስኮቱ በሚዘጋበት ዕለት 27.5 ሚሊዮን ከፈለ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ ግን የሚቀጥሉትን ዓመታት የሚገልጽ ስህተት ነው። ከዚያ ዲ ማሪያ በ59.7 ሚሊዮን መጥቶ በዓመቱ ለፓሪስ ሴንት ዠርመን ተሸጠ። ፖግባ በ2012 በነፃ ሄዶ፣ በ2016 በ89 ሚሊዮን ተመልሶ፣ በ2022 እንደገና በነፃ ሄደ። ከእኛ የወሰዳችሁት ሳንቼዝ በ45 ጨዋታ 5 ግብ አግብቶ፣ በከባድ ደመወዙ ምክንያት ገዢ ጠፍቶለት ለኢንተር ሚላን በውሰት ተሰጠ፤ በኋላም በነፃ ቀረላቸው።

ክርክሩ ላይ ማንም የማያነሳውና እርስዎ ቢያነሱት ሁሉን ዝም የሚያሰኘው የሒሳቡ ነገር ነው። ክለብ አንድን ተጫዋች በ80 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ የ5 ዓመት ውል ሲያስፈርመው፣ በመዝገቡ ላይ በየዓመቱ 16 ሚሊዮን ወጪ ይጽፋል። ልጁ በ2 ዓመቱ አልሆን ብሎ በ30 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ በመዝገቡ ገና 48 ሚሊዮን ስለቀረበት ክለቡ 18 ሚሊዮን ኪሳራ ይመዘግባል። በ2025 የሚሠራው የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ ደግሞ በ3 ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን በላይ መክሰርን ይከለክላል። ስለዚህ ያልተሳካውን ተጫዋች መሸጥ ራሱ ይጎዳል። ደመወዙ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ እሱም መሄድ አይፈልግም፤ ሌላ ቦታ ያን ያህል የሚከፍለው የለምና። ያለው መንገድ ውሰት ነው። አንቶኒ ወደ ስፔኑ ቤቲስ፣ ራሽፎርድ መጀመሪያ ወደ አስቶን ቪላ፣ ከዚያም በ2025 ክረምት ወደ ባርሴሎና በውሰት የሄዱት በዚህ ሒሳብ ነው።

በአንጻሩ ከክለቡ የታዳጊዎች አካዳሚ ያደገ ልጅ በመዝገቡ ላይ የተጻፈበት ዋጋ ስለሌለ ሲሸጥ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ይሆናል። ማክቶሚናይ በ2024 ክረምት ወደ ናፖሊ የተሸጠው ለዚህ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ የጣሊያንን ዋንጫ አነሳ፤ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። በዚህ መድፈኛም ብሆን አዝኛለሁ። በውድ የገዟቸውን መሸጥ ሲያቅታቸው ያሳደጉትን ሸጡ።

አሰልጣኞቹን ሁሉ «ሰነፎች» ማለትም አይገባም። ቫን ሃል ኳስ የሚይዝ ቡድን ፈለጉ፤ ሞሪንሆ ወደ ኋላ አፈግፍጎ የሚመታ ቡድን ፈለገ፤ ሶልሻየር በፈጣን መልሶ ማጥቃት ኖረ፤ ቴን ሃግ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። እያንዳንዱ የራሱን ተጫዋች አስገዛ፣ ቀጣዩ ደግሞ የማይፈልጋቸውን ወረሰ። ሲቲ ቤጊሪስታይንን በ2012 በስፖርት ዳይሬክተርነት ሲያስቀምጥ፣ ማንቼ የመጀመሪያውን የእግር ኳስ ዳይሬክተር የሾመው በመጋቢት 2021 ነው። በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ «ይህ ክለብ እንዲህ ነው የሚጫወተው» የሚል ከአሰልጣኙ በላይ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ለእኔ የውድቀቱ ሥር ይህ ነው። የክለቡ ባለቤቶች የግሌዘሮቹም ዕዳ አለ፤ በ2005 በብድር ገዝተው ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ክለቡ ላይ ጫኑ፤ ወለዱ ለስታዲየሙ ጣሪያ ሊውል የሚችለውን ገንዘብ በላ። ግን አባባ፣ «ገንዘብ አላወጡም» አይበሉ። አውጥተዋል፤ ያወጡት ያለ ዕቅድ ነው።

ባለፈው ዓመት ሁሉም በአንድ ላይ ፈነዳ። 15ኛ ደረጃ፣ 42 ነጥብ፣ 18 ሽንፈት፣ በ38 ጨዋታ 44 ግብ። ቢልባኦ ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በቶተንሃም 1 ለ0። አሰልጣኙ አሞሪም በመሀል ዓመት መጥቶ ሦስት ተከላካይ ከኋላ፣ አራት ከመሀል፣ ሁለት ከአጥቂው ጀርባ አሰለፈ። ቡድኑ የተገዛው ግን በመስመር አጥቂዎች ለሚጫወት አሰላለፍ ነበር። የመስመር አጥቂው ጋርናቾ በዚህ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጥ ሰውም በጥር ዶርጉ ከሌቼ እስኪመጣ አልነበረም። መሀል ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ ሆነው ሦስት አማካይ ያለው ቡድን ሲገጥማቸው አንዱ ሁሌም ነፃ ይሆናል። ካሴሚሮ 33 ዓመቱ ነው፤ ሮጦ አይደርስበትም። አማካዩን ብሩኖን ወደ ኋላ ሲያወርዱት ደግሞ ከፊት ኳስ የሚያቀብል ይጠፋል።

አሁን ለመድፈኞቹ ጓደኞቼም ቢሆን የማልቀበለውን ልንገርዎት። «ማንቼ ትንሽ ክለብ ሆኗል» የሚሉት ልክ አይደሉም። በ2024 በተዘጋው የበጀት ዓመት ገቢው 661.8 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ሪከርድ ነበር፤ በዚያው ዓመት 113.2 ሚሊዮን መክሰሩ ሌላ ጉዳይ ነው። 15ኛ ሆኖ እንኳ 74 ሺህ ሰው የሚይዘው ሜዳ ይሞላል። ከጥቅምት 1937 ጀምሮ ከአካዳሚው የወጣ ልጅ ያልተካተተበት ስብስብ ይዞ ወደ ጨዋታ ገብቶ አያውቅም። በ1958 ሙኒክ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ቡድኑን አጥቶ በ10 ዓመቱ የአውሮፓ ዋንጫን ያነሳ ክለብ ነው። በ1974 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወርዷል፤ ከ1967 እስከ 1993 ድረስም 26 ዓመት ያለ ሊግ ዋንጫ ቆይቷል። ሊቨርፑልም 30 ዓመት ጠብቋል። እኛም ከ2004 ጀምሮ እስከዚህ እስከ 2025 ድረስ ጠብቀናል፤ ስለዚህ በዋንጫ ድርቅ ልንሰድባችሁ አንችልም።

የሚያዋጣው ክርክር ይሄ ነው፤ ክለቡ ትልቅ ነው፣ ቡድኑ አይደለም። ሁለቱን ለይተው ከያዙ ማንም አይረታዎትም።

«ታዲያ እናንተ እንዴት ተነሳችሁ?» ቢሉኝ መልሱ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ከባድ ነበር። አሰልጣኛችን አርቴታ ሁለት ዓመት ተከታትሎ 8ኛ ሲወጣ አላባረሩትም። ኦዚልንና ኦባሚያንግን ውላቸው ሳያልቅ ኪሳራውን ውጠው ሸኙ። ሳሊባን፣ ኦዴጋርድን በልጅነታቸው ገዙ፤ ሳካን ከአካዳሚ አወጡ። ራይስን በ105 ሚሊዮን የገዙት መሠረቱ ከተጣለ በኋላ በ2023 ነው። ያም ሆኖ ሦስት ጊዜ ተከታትለን ሁለተኛ ከመሆን አላለፍንም።

የዘንድሮው ግዢያችሁ ግን ከቀድሞው ይሻላል፤ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። ኩኛ 15፣ ምቤሞ 20 የሊግ ግብ ያገቡት እዚያው ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ነው፤ ሼሽኮም ገና 22 ዓመቱ ነው። አጥቂያችሁ ሆይሉንድ ባለፈው ዓመት ዓመቱን ሙሉ በሊጉ 4 ግብ ብቻ እንዳገባ ያስታውሱ። የአውሮፓ ውድድር ስለሌለባችሁም አሞሪም ብዙውን ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ያሠለጥናል፤ እኛ ግን በአውሮፓ ውድድር ማክሰኞ ወይም ረቡዕ እንጫወታለን።

እሁድ ሲያዩ ኳሱን ብቻ አይከተሉ። ዙቢሜንዲ፣ ራይስና ኦዴጋርድ መሀሉን ሲይዙት ከናንተ ሦስት ተከላካዮች አንዱ ወደፊት ወጥቶ ሦስተኛውን ሰው ይይዛል ወይስ ቆሞ ይጠብቃል? ዶርጉ ወደፊት ሲሄድ ጀርባውን ማን ይሸፍንለታል? የማዕዘን ምት ሲሆን ግብ ጠባቂው በሰው ተከልሎ ይቀራል ወይስ ወጥቶ ኳሱን ይመታል? እኛ በማዕዘን ምት ብዙ ግብ እናገባለንና ይህን ከሁሉ በላይ ይጠብቁ። እነዚህ ከተስተካከሉ በውጤት ቢሸነፉም ቡድኑ እየተሠራ ነው ማለት ነው፤ ካልተስተካከሉ አሸንፋችሁም እንኳ አይኩሩበት።

መድኃኒትዎን ሳይረሱ ይውሰዱ። ከጨዋታው በኋላ ማታ እደውላለሁ።

አክባሪ ልጅዎ