የቱቦ ክዳን አቤቱታ፦ እሑድ ፊርማ አለ
ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶች። ከግቢው በር ፊት ያለው የጎርፍ መውረጃ ቱቦ እንዲከደን ለወረዳው የምናስገባው አቤቱታ ተዘጋጅቷል። የቀረው ፊርማ ነው።

እሑድ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ኮሙናሉ በረንዳ ላይ እንገናኝ። ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ ይበቃል። ተከራዮችም ፈርሙ፤ ጉድጓዱ ባለቤትና ተከራይ አይለይም። አሁን በድንጋይና በአሮጌ ቆርቆሮ ሸፍነነዋል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጎርፉ ጠርጎት ይሄዳል። የተማሪ ሰርቪስ የሚቆመው ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው።

«ነገር ያመጣብን ይሆን?» ለምትሉ፣ አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተሰጠን መብት ነው።

ሰኞ ጠዋት እናስገባለን። ገቢ ማህተም ያረፈበት ኮፒ ሳንይዝ አንመለስም፤ አለዚያ «አልደረሰንም» መባሉ አይቀርም። አብረውን የሚሄዱ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን። የምትችሉ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ አሳውቁን፤ የቱቦው ፎቶ ያላችሁም ላኩልን።