የደብረ ማርቆሱ ኮከብ ተመልካች ሐሳብ ይፈተን

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ደብረ ማርቆሱ አማተር የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ያወጣችሁትን አንብቤያለሁ። ሰውየው ‹‹ጠፈር እየሰፋ አይደለም፤ የሩቅ ጋላክሲዎች ብርሃን የቀላው በመንገድ ብዛት ስለደከመ ነው›› ይላሉ።

ሐሳቡ የሚያስቅ አይደለም። ፍሪትዝ ዝዊኪ የተባለው ሳይንቲስት በ1929 እ.ኤ.አ. አንሥቶታል። ግን ተፈትኖ ወድቋል። በጣም ሩቅ ያሉ የሚፈነዱ ኮከቦች ቅርብ ካሉት በዝግታ ይደበዝዛሉ። ቅርብ ሆኖ በ20 ቀን የሚደበዝዘው፣ ርቆ የብርሃን ሞገዱ በእጥፍ ከተለጠጠ 40 ቀን ይፈጅበታል። ጠፈር ሲሰፋ የብርሃኑን ሞገድም ቀኑንም እኩል ይለጥጣል፤ ብርሃን ቢደክም ግን ቀለሙ ይቀየር ይሆናል እንጂ ቀኑ አይረዝምም። ጽሑፋችሁ ይህን ጨርሶ አለማንሣቱ ከልብ አሳዝኖኛል፤ ሰውየውንም አልጠቀማቸውም። እዚህ ጎጃም የቅኔ ተማሪ እንኳ የቆጠረውን ይዞ አይቀመጥም፤ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም አንድ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር መልስ ይስጡበት። አማተሩም፣ ምልከታ በሌላ ሰው እንዴት እንደሚፈተን እንዲታይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አልጎል የተባለውን ኮከብ ይከታተሉ። በየ2 ቀን ከ21 ሰዓት ገደማ ይደበዝዛል፤ ያለ መሣሪያ በዓይን ይታያል። የመዘገቡትን ሰዓት አትሙልን፤ እኛም ከየደጃችን እናመሳክራለን።

አንድ አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም