ጫማ ማውለቅ ከመቼ ወዲህ ነው ሃይማኖት መቀየር የሆነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በእንግሊዝ አገር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ከሒሳቡና ከንባቡ ጋር የሃይማኖት ትምህርትም አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት «የልጆቻችን እምነት አደጋ ላይ ነው» ብላችሁ፣ በዚህ አገር ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የሃይማኖት ትምህርት ልጆቻችንን ሃይማኖት ያስቀይራል በሚል መንፈስ ያወጣችሁት ዘገባ በቀጥታ የሚነካው እኔንና መሰሎቼን ነው፤ አንዳችንንም ግን አላነጋገራችሁም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ከፎቶው ሥር ያሰፈራችሁት መስመር ነው፦ «ልጆቻችን ጫማቸውን አውልቀው በመስጊድ ሲጸልዩ»። እስቲ ፎቶውን መልሳችሁ እዩት። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አንዷ እጇን አውጥታ የመጠየቅ ተራዋን ትጠብቃለች። አጠገቧ ያለው ልጅ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጣሪያውን ጌጥ ይሥላል። ከኋላ ያለው የካልሲውን ቀዳዳ ይጎረጉራል። የቱ ጋ ነው ጸሎቱ? ይህ የትምህርት ጉብኝት ነው፤ እኛ ተማሪዎቻችንን ወደ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ እንወስዳለን።

ደግሞስ ጫማ ማውለቅ ሐበሻን ያስደነገጠው ከመቼ ጀምሮ ነው? ጫማችንን አውልቀን ቤተ መቅደስ የምንገባ፣ ሙሴ በኮሬብ ጫማውን እንዲያወልቅ መታዘዙን እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ከክፍሌ ተማሪዎች ጋር መስጊድ በሄድን ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ ልጅ «ለምን እናወልቃለን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት መልሱን የሰጠችው የኛው አገር ልጅ ናት፦ «ቅዱስ ቦታ ስለሆነ። እኛም ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እናወልቃለን።» የዘጠኝ ዓመት ልጅ የገባት ነገር ለጋዜጠኛችሁ እንዴት ተሰወረው?

ሕጉንም ገልብጣችሁታል። እዚህ አገር በመንግሥት ትምህርት ቤት የአንድን የእምነት ክፍል መለያ ትምህርተ ሃይማኖት ልጆችን ማስጠናት ከእ.ኤ.አ. 1870 ጀምሮ የተከለከለ ነው። የእምነት ተቋማት የሚያስተዳድሯቸው ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ዘገባችሁ የወረደበት ግን እነዚህን አይደለም። የ1988ቱ ሕግ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱ የአገሪቱ ሃይማኖታዊ ወግ በዋናነት ክርስቲያናዊ መሆኑን እንዲያንጸባርቅ፣ የሌሎቹንም ዋና ዋና ሃይማኖቶች ትምህርትና ሥርዓት እንዲያካትት ያዛል። እኔ ክፍል ውስጥ «ክርስቲያኖች እንዲህ ያምናሉ፤ ሙስሊሞች እንዲህ ያምናሉ» ብዬ አስተምራለሁ። «እውነተኛው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ልጆች ናቸውና ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። ከወላጆቻቸው ጋር እንዲነጋገሩበት እነግራቸዋለሁ እንጂ በወላጅ ቦታ ገብቼ አልፈርድም።

«ወላጅ ምንም ማድረግ አይችልም» ያላችሁት ከሁሉ የባሰ ነው። ወላጅ ልጁን ከሃይማኖት ትምህርት በሙሉም ሆነ በከፊል የማስወጣት መብት አለው፤ በ1944ቱ ሕግም የተደነገገ ነው፤ ምክንያቱን እንዲያስረዳም አይገደድም። ዘገባው በወጣ ማግስት ለዓመታት በሰላምታ የምንተዋወቅ አንዲት እናት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስልኳን ከፍታ ፎቷችሁን አሳየችኝና «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ?» አለችኝ። የራሴን ልጆች እሑድ እሑድ ቅዳሴ የማደርስ ሰው ነኝ። አንጀቴ እያረረ መብቷን ነገርኳት፤ እናንተ የለም ያላችሁትን መብት ተጠቅማ ልጇን ከትምህርቱ አስወጣች። በሷ አልፈርድም። ይኸውና እኛ ስለ ጥምቀት ስንማር ልጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻውን ሥዕል ይቀባል። ታቦት ሲወጣ፣ ውኃው ሲረጭ በዓይኑ ያየ፣ ለክፍሉ ሊተርክ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር።

«ሐበሻ ወላጆች» እያላችሁ የጻፋችሁት ሁሉ ክርስቲያኑን ብቻ ነው። እኔ የማስተምራቸው የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ሙስሊሞች ልጆችስ የማን ናቸው? ስለ እስልምና መነሻ ስናስተምር የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ መምጣታቸውን፣ ንጉሡ ነጃሺም እንዳስጠለሏቸው እናነሣለን። በዚያ ቀን የኛ ልጆች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ወንበራቸው ላይ ቀና ሲሉ ብታዩ ኖሮ ይህን ዘገባ ባልጻፋችሁት ነበር።

ቅሬታ የለም አላልኩም። የምንጠቀምበት መጽሐፍ «ክርስቲያኖች ገናን ዲሴምበር 25 ቀን ያከብራሉ» ብሎ ያልፋል። አንድ ልጅ «እኛ የምናከብረው ጃንዋሪ 7 ነው» ሲል ጓደኞቹ ተሳስቷል ብለው ሳቁበት። የኔ ክፍል ስለነበረ አቁሜ አስረዳኋቸው፤ የኛ ሰው በሌለበት ክፍል ያ ልጅ ምን ሊሆን ነው? ይህን ማስተካከያ መንገድ ደግሞ አለ። የየአካባቢውን የሃይማኖት ትምህርት ይዘት የሚወስን ጉባኤ አለ፤ በውስጡም በአካባቢው ያሉ የክርስትና ክፍሎችና የሌሎች ሃይማኖቶች ተወካዮች ይቀመጣሉ። ካህናቶቻችንም ሆኑ የመስጊዶቻችን ኃላፊዎች የውክልና ጥያቄ ለአካባቢው አስተዳደር ማቅረብ ይችላሉ። ለወላጅ የሚጠቅመው ይህ መረጃ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ርዝመት አንድ መስመር አላገኘም።

የፎቶውን መግለጫ አርሙት። እርማቱንም ማንም በማያየው ጥግ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን አውጡት፤ ወላጆች ልጆቻቸውን የማስወጣት መብት እንዳላቸውም ከሥሩ ጻፉ። ያቺ እናት የምታነበው እናንተን እንጂ የእንግሊዝን ሕግ አይደለም።

መምህርት፣ ከእንግሊዝ አገር