ሞምባሳ ላይ ያየሁት ግንብ

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ባለፈው ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ሲሉኝ ድምፅዎ ደከም ብሎብኝ ነበር። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ ሞምባሳ ሄጄ ያየሁትን ግንብ ልነግርዎ ነው። በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

ፎርት ጂሰስ ይባላል፤ የኢየሱስ ምሽግ እንደማለት። ፖርቹጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ድረስ የሠሩት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ።) ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል ጣልያናዊ ነው። ከላይ ሲታይ ራሱን ወደ ባሕሩ አድርጎ በጀርባው የተኛ ሰው ይመስላል ይላሉ። እኔ ግን በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። የግንበኛ ልጅ ነኝና።

ድንጋዩ ኮራል ነው። ባሕር ውስጥ ትንንሽ ፍጥረታት በብዙ ዘመን የሠሩት ድንጋይ። ጠጋ ብዬ ሳየው እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እጄን ሳሳርፍበት ሻከረኝ፤ መዳፌ ላይም ነጭ ዱቄት ቀረ። ኖራ! በልጅነቴ ከሥራ ሲመለሱ ልብስዎ ላይ የማየው ያው ኖራ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ታችኛው ክፍል ነው። ግንቡ የተቀመጠው ኮራል አለት ላይ ነው፤ አለቱንም ራሱን ጠርበው ግድግዳ አድርገውታል። አለቱ የት ላይ አብቅቶ የሰው እጅ የት ላይ እንደጀመረ ለመለየት ብዙ ቆሜ አየሁ። «መሠረቱን ሳላይ ስለ ግድግዳው አልናገርም» ይሉ የለ? እዚህ መሠረቱና ግድግዳው አንድ ናቸው።

ፖርቹጋል ሲባል እኛ የምናስታውሰው በ1541 ወታደሮቹን ይዞ ከምጽዋ የመጣልንን ክሪስቶቮ ዳ ጋማን ነው። አባቱ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ደርሶ ነበር፤ አቀባበሉ አላማረውምና ወደ ማሊንዲ አለፈ። ለእኛ እርዳታ ሆነው የመጡት ሰዎች ወገኖች ሞምባሳን በ1505 አቃጥለዋታል። ይህን እዚያ ቆሞ ማሰብ ከብዶኛል።

ውስጥ አንድ ልስን አለ። ወታደሮቹ በከሰልና በቀይ አፈር መርከብና መስቀል ሥለውበታል። መርከቦቹ ብዙ ናቸው። አገሩ የናፈቀው ሰው የሚሥለው ይህንኑ ነው መሰለኝ።

ከበባውን ሳልነግርዎ አላልፍም። የኦማን ሰዎች በ1696 መጥተው ምሽጉን ከበቡት። ከበባው 33 ወር ያህል ቆየ። ውስጥ ያሉትን ከጥይት ይልቅ በሽታ ጨረሳቸው። በ1697 ለእርዳታ ከመጡት መርከቦች አንዷ፣ ሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና፣ እዚያው ምሽጉ ፊት ለፊት ሰጠመች፤ ከባሕር የወጡ ዕቃዎቿን ሙዚየሙ ውስጥ አየሁ። ታኅሣሥ 1698 ላይ ምሽጉ ተያዘ። ሌሎች የእርዳታ መርከቦች የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ጥቂት ቀን ብቻ ዘግይተው።

ወደ ባሕሩ የሚወርድ፣ አለቱን ሰንጥቀው ያወጡት የደረጃ መንገድ አለ። ከመርከብ የሚመጣው ስንቅ በዚያ ይገባ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ከታች ግድግዳውን ሲመታ ይሰማል። ስንቱ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ባሕሩን ሲያይ ከረመ አልኩ። ከዚያ እርስዎ መጡብኝ። «በሚቀጥለው እመጣለሁ» ማለት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈ። እርስዎ አንድም ቀን «ለምን ቀረህ?» ብለውኝ አያውቁም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፣ አባባ።

እንግሊዞች ከ1895 ጀምሮ እስር ቤት አድርገውት እስከ 1958 ቆይቷል። አሁን ሙዚየም ነው፤ በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ እዚያ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት እቆያለሁ። ሐኪም ቤትም አብረን እንሄዳለን፤ ጉልበትዎን ሳላሳይ አልመለስም። የግንቡን ፎቶ ብዙ አንስቻለሁ። አንዱ ማዕዘን ላይ ድንጋዮቹን እንዴት እንዳያያዟቸው ግን አልገባኝም። በትልቁ አሳጥቤ አመጣዋለሁ፤ መነጽርዎን አድርገው ያስረዱኛል።

አክባሪ ልጅዎ