ለትምህርት ሚኒስቴር፦ መጠይቁን ሞልተናል፣ ውጤቱስ?

ክቡር ሚኒስትር፣

የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ደመወዝ አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ጉዳዬ የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ኮሌጅ ምሁራን የሚያጠኑት ነገር ነው።

ተመራማሪ ወደ እኛ ሲመጣ መንገዱ የታወቀ ነው። የትብብር ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ትምህርት ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ይወርድና ርዕሰ መምህሩ ጋ ይደርሳል። በእረፍት ሰዓት መጠይቅ ይታደለናል። “በጣም እስማማለሁ” እና “አልስማማም” ላይ ምልክት እያደረግን ሻያችን ይቀዘቅዛል። ተመራማሪው ይመረቃል፤ ደስ ይለናል። ምን እንዳገኘ ግን ወሬውም አይደርሰን። ርዕሶቹም ይመሳሰላሉ፦ የርዕሰ መምህራን አመራር፣ የመምህራን ተነሳሽነት፣ የሱፐርቪዥን “ትግበራና ተግዳሮቶች”። አንዳንዴ የወረዳው ስም ብቻ የተቀየረ ይመስለኛል። ተግዳሮታችንንማ ያልነገርነው ሰው የለም!

አመራር አይጠና አላልኩም። እኔን 1ኛ ክፍል ውስጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በተርታ ላስቆጥር ወይስ ልጁ ቶሎ ቶሎ በሚያገኛቸው ፊደላት ልጀምር? 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። ገበታውን እንደ መዝሙር የሚወርድ ልጅ አለ፤ መሐል ላይ “ሙ” የቱ ነው ስለው ከ“መ” ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኘውም። ይህ ልጅ ማንበብ ጀምሯል ይባላል? ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውስ? እናት “ሀ ሁ” እያሉ ያስጠኑትን እኔ በሌላ ቅደም ተከተል ሳስተምረው ይጠቅመዋል ወይስ ያደናግረዋል? 70 ተማሪ ባለበት ክፍል ማን ወደኋላ እንደቀረ በምን ልወቅ? ይህን አገር ውስጥ ያጠና ምሁር መኖሩ አይቀርም። ማን እንደሆነና የት እንዳለ የምናውቅበት መንገድ ነው የሌለው።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆችና ታናናሾቻቸው አድገው 12ኛ ክፍል ደረሱ። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ሰው ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ሲጮህ እኔ የማስበው ስለ 1ኛ ክፍል ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ባሕር ዳር የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ዋና ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያ ማፍራት ነበር። ግቢው ዛሬም “ፔዳ” ይባላል። ያ ትኩረት ቢመለስ ምን ነበረበት?

ምሁራኑን “ይህን አጥኑ” ብለው እንዲያዙልኝ አልጠይቅም። የፈለጉትን የማጥናት ነጻነታቸው ይከበር። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው።

ትምህርት ቤት ገብቶ መረጃ የሰበሰበ ሁሉ ትምህርት ቤቱ በሚሠራበት ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ፣ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይመልስ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ለእኛ እንዳልተጻፈ ነው። ማስፈጸሚያውም ከባድ አይደለም፦ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ያለፈውን ማጠቃለያ ሳይመልስ አዲስ የትብብር ደብዳቤ አይሰጠው። ከክልል ቢሮዎች ጋር ተነጋግሮ መመሪያ ማውጣት ለሚኒስቴሩ አይከብደውም። ማጠቃለያው ለደረጃ እድገት ቢያስቆጥርላቸው ደግሞ ምሁራኑም አይጠሉትም።

ሁለተኛው፣ የትኛው የዩኒቨርሲቲ መምህር ምን እንደሚያጠና የሚያሳይ ዝርዝር ተዘጋጅቶ እስከ ወረዳ ይውረድ። ንባብ፣ ሒሳብ፣ ልዩ ፍላጎት፣ ምዘና እየተባለ በጉዳይ ይከፈል። እኛ በየዓመቱ ተግባራዊ ምርምር ሥሩ እንባላለን፤ የሚያማክረን የለም። ዝርዝሩ ቢኖር ሱፐርቫይዘራችን ስልክ ደውሎ ሰው ያገናኘን ነበር።

የፊደልን ነገር ማጥናት የሚፈልግ ካለ የኔ ክፍል ክፍት ነው። ፈረቃዬ ጠዋት ነው። መጠይቅ ይዞ አይምጣ፤ ቁጭ ብሎ ልጆቹ ሲያነቡ ይስማ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የ1ኛ ክፍል መምህርት