ግልጽ ደብዳቤ፦ ዋልያን በማሊያ ብቻ ለሚያውቁት የስሜን ልጆች

ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ የሚኖሩ ተማሪዎችና እረኞች በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ እንዲሳተፉ ስለመጠየቅ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

በደባርቅ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የእኔ ብቻ ሳይሆን የወላጆች፣ የተማሪዎችና በየካምፑ ብርድ እየጠጡ የሚያድሩት የፓርኩ ጠባቂዎች፣ የስካውቶቹም ጭምር በመሆኑ ነው።

ባለፈው ዓመት ስለ ብርቅዬ እንስሳት ሳስተምር፣ ተማሪዎቼን «ፓርኩ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አልኳቸው። እጃቸውን ያወጡት አምስት ልጆች ብቻ ነበሩ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚሁ ደባርቅ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ጎብኚዎችን የጫኑ መኪኖችም በፓርኩ ውስጥ ወዳለው የሳንቃ በር ካምፕ ሲወጡ ከተማችንን አቋርጠው ነው የሚያልፉት። በዚያን ዕለት ከኋላ ከተቀመጡት ልጆች አንዱ የብሔራዊ ቡድናችንን የዋልያዎቹን ማሊያ ለብሶ ነበር። ዋልያን ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ከስሜን ተራሮች በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል በዱር የማይገኘውን እንስሳ፣ የተራራው ልጅ በማሊያና በማስታወቂያ ብቻ ሲያውቀው ማየት ለአንድ መምህር ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እጃቸውን ካወጡት አንዱ በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ከነበረው የግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ ከሰፈሩት ቤተሰቦች የተወለደ ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ገና ሕፃን ሆኖ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በግ ይጠብቅ ነበር። በክፍል ውስጥ ብዙም የማይናገር ልጅ ነው። እስኪ የምታውቀውን ንገረን ስለው ግን ተነሥቶ ቆመና፣ ጭላዳዎቹ ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው እንደሚወጡ፣ ተቀምጠው እየተንፏቀቁ በሁለት እጃቸው ሣር እንደሚነጩ፣ አውራዎቹ ዋልያዎች ከእንስቶቹ ተለይተው ቆይተው ወቅቱ ሲደርስ እንደሚቀላቀሉ፣ የሰስ ኮቴ ከዋልያ ኮቴ በምን እንደሚለይ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየሣለ አስረዳን። እኔ በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በግ እየጠበቀ ተምሮት ኖሯል። ሲጨርስ የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ «ከወጣን ወዲህ አላየኋቸውም» ነበር ያለው።

መንደሩ የተነሣበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ ውሳኔውንም በዚህ ደብዳቤ ልሞግት አልፈለግኩም። የልቅ ግጦሹ ብዛት፣ የእርሻው ወደ ገደሉ አፋፍ መጠጋትና የዋልያ ቁጥር መመናመን ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ለሆነው ፓርክ ይህ ትልቅ ውርደት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ ዝርዝር ሲወጣም እዚህ ያለን ሁሉ ደስ ብሎናል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ቆጠራዎች የዋልያ ቁጥር እንደገና በእጅጉ ማሽቆልቆሉን ያሳያሉ። ጦርነቱና የጸጥታው ችግር ጎብኚውን አስቀርቷል፤ ከጎብኚው ጋር የአስጎብኚው፣ የበቅሎ አከራዩና የምግብ አብሳዩ ገቢም ቀርቷል። ከዋልያው ምንም የማያገኝ፣ አይቶትም የማያውቅ ወጣት ነገ ጥይት ሲተኮስበት ቢሰማ ለማን ብሎ ይጮህለታል?

ወጣቱ ግን ሲጠሩት የሚመጣ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ እሳቱ በጓሳው ሣርና በአስታው ደን ላይ ሲነሣ፣ ከእስራኤል የመጡት የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከመድረሳቸው በፊትም ሆነ ከደረሱ በኋላ፣ ከገጠሩም ከከተማውም እየተጫነ የወጣው ወጣት ነበር። እኔም ከወጡት አንዱ ነበርኩ። ውኃ በሌለበት፣ ነፋሱ አቅጣጫውን በየደቂቃው በሚቀያይርበት ከፍታ ላይ የእርጥብ አስታ ቅርንጫፍ እየሰበርን ነበልባሉን እንመታ ነበር። ከጎኔ የነበረ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የፕላስቲክ ጫማው ሶል ቀልጦበት እግሩን በነጠላው ጠቅልሎ ቀጠለ፤ ውረድ ብለው አልሰማኝም። እሳቱ ጠፋ፤ ሁላችንም ወደ ቤታችን ገባን። ከዚያ በኋላ ያንን ልጅ ለፓርኩ ሥራ የጠራው ሰው የለም። ተራራው ሲቃጠል የፈለግነውን ወጣት ተራራው ሰላም ሲሆን እንረሳዋለን፤ እኔን የቆጨኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በፓርኩ አዋሳኝ ወረዳዎች፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራ፣ በበየዳ፣ በጠለምትና በአዲ አርቃይ የሚማር ልጅ ሁሉ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከመጨረሱ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በፓርኩ ውስጥ እስካለው ጨነቅ ድረስ ዘልቆ እንስሳቱን በቦታቸው እንዲያይ ባለሥልጣኑ ከትምህርት ቢሮዎች ጋር ሆኖ ቋሚ አሠራር እንዲዘረጋ እጠይቃለሁ። ለትምህርት ቤቶች እጅግ የሚከብደው የመኪናውና የስንቁ ወጪ ነው። አንድ ጊዜ ተሽከርካሪ ፍለጋ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስመላለስ ወሩ አልቆ፣ ዝናብ ገብቶ ጉዞው ቀርቶብናል። ተማሪዎቼ በየሳምንቱ «ቲቸር፣ መቼ ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

ከጉብኝቱ በላይ የምለምናችሁ ግን ሥራ እንድትሰጧቸው ነው። ዋልያና ጭላዳ በሚቆጠሩበት ጊዜ ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ጥቂት ተማሪዎች፣ በተለይም በእረኝነት ያደጉት፣ ከስካውቶቹ ጋር ተመድበው እንዲያዩ፣ እንዲመዘግቡና ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ እንዲማሩ ይደረግ። ገደሉን ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ወደፊት ስካውት ሲቀጠርም ይህ ተሳትፎ ከግምት የሚገባ ቢሆን፣ ልጁ የተማረውና የኖረው አንድ ቦታ ይገናኙለታል።

ሌላው የቀይ ቀበሮ ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ተራሮች እንደሚኖሩ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በባሌ ደጋግሞ የፈጃቸው የእብድ ውሻ በሽታ ከሰው ውሾች የሚተላለፍ መሆኑንም እንደዚሁ። እኛ ዘንድ ያሉት ቀበሮዎች በቁጥር እጅግ ያነሱ ስለሆኑ አንድ ወረርሽኝ ጨርሶ ሊያጠፋቸው ይችላል። ታዲያ በየመንደሩ ስንት ውሻ እንዳለ፣ የትኛው እረኛውን ተከትሎ እስከ ጓሳው እንደሚወጣ፣ የትኛዋ ሰሞኑን እንደ ወለደች አጥርቶ የሚያውቀው ማነው? ልጁ ነው። ክትባት ሲመጣ አባትየው እርሻ ላይ ነው፤ ውሻው ባለሙያውን አይቶ ይሸሻል፤ ልጁ በስሙ ከጠራው ግን ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ከክትባቱ ዘመቻ በፊት ተማሪዎች የየመንደራቸውን ውሾች እንዲመዘግቡ፣ በዕለቱም ይዘው እንዲያቀርቡ ማድረግ ከደብተርና ከእስክርቢቶ የዘለለ ወጪ የለውም። ክትባቱን የሚሰጡት ባለሙያዎች ብቻ ይሁኑ፤ ልጆቹንም ከመነከስ የሚጠብቅ ጥንቃቄ አስቀድሞ ይሰጣቸው።

መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ወቅት ልጆችን ወደ ተራራ ማውጣት እንደማይገባ እኔም እንደ ወላጅ አውቃለሁ። ነገር ግን የውሻ ምዝገባው በየመንደሩ የሚሠራ ነው፤ ስካውቶች ወደየትምህርት ቤቱ መጥተው ያዩትን ቢናገሩም ማንም አይከለክላቸውም። ልጆችን በጥበቃ ማሳተፍ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የመንዝ ሰው የጓሳ ሜዳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት፣ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ እየወሰነና እየጠበቀ እስከ ዛሬ ያቆየው፣ ልጅ ከአባቱ ጋር ሜዳው ላይ እየዋለ ሕጉን ስለተማረ ነው።

ስለሆነም የሚቀጥለው ቆጠራ ቀን ሲቆረጥ ለአዋሳኝ ወረዳ ትምህርት ቤቶች በደብዳቤ እንዲገለጽልንና ስንት ተማሪ ማሳተፍ እንደምንችል እንዲነገረን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከግጭ የመጣው ተማሪዬ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሳይመረቅ ምላሻችሁ ቢደርሰን ስሙን ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ አሰፍራለሁ።

ከሰላምታ ጋር

በደባርቅ ከተማ የባዮሎጂ መምህር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት